ባዶ ሃይላንድ ከመቼ ወዲህ ነው የመንግስት ንብረት የሆነው? ለዩኒቨርሲቲያችን የአስተዳደር ምክትል ፕሬዝዳንት

ክቡርነትዎ፣ ሰላምታውን አሳጥረዋለሁ፣ ረጅሙን ሪከርድ ክፍል ባስገባሁት ማመልከቻ ላይ ጨርሼዋለሁ፣ እሱም "ተመርቷል" ከተባለ በኋላ ወዴት እንደተመራ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ባለ ሶስት ቀለሞቹ ደስትቢኖች ትዝ ይሉዎታል መቼም፣ ሪባን ሲቆረጥ ፎቶው ላይ አሉበት። እኛ የዋሆቹ ዶርም ለዶርም ዞረን ተማሪውን ለመንን፣ ተማሪውም ትራፊውን ለብቻ ሃይላንዱን ለብቻ መለየት ጀመረ። ከዛስ? ጠዋት ትራክተሩ መጥቶ ሶስቱንም አንድ ተጎታች ላይ ይገለብጣቸዋል፣ ከዶርሞቹ ጀርባ ይደፋል፣ ማታ ይለኮሳል፣ የፕላስቲኩ ጭስ በመስኮት ገብቶ አብሮን ያድራል። ሳይቃጠል የተረፈውን ቀን ላይ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ይሻሙበታል፣ አንዱ ሽሮ የነካውን ፌስታል እንዳለ ሲውጥ በአይኔ አይቻለሁ። የቀረውን ክረምት ላይ ጎርፉ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል፣ የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፣ ይሄን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የብሎካችን የፅዳት ሰራተኛ ከሰማያዊው ደስትቢን ባዶ ሃይላንዶች ለቅማ፣ በማዳበሪያ ቋጥራ ለቆራሌው ልትሸጥ ስትወጣ በሩ ላይ ጥበቃው አስቆማት። "የንብረት መውጫ አለሽ?" አላት። ከኋላዋ አይዲዬን ይዤ ቆሜ ነበር፣ እሷ የቀለደባት መስሏት ሳቀች። ሰውየው የምሩን ነው። ማዳበሪያውን ቀሟት፣ "የመንግስት ንብረት ያለፈቃድ ለማውጣት በመሞከር" የሚል ማስጠንቀቂያ ተፃፈባት፣ ከዛች ከማታወላዳው ደሞዟም ቆረጡባት። የተወረሰው "ንብረት" ግን ከጥበቃ ቤቱ ጎን ትንሽ ሰንብቶ ያው ትራክተር ላይ ተጫነና ከዶርማችን ጀርባ ተቃጠለ። እዚህ ግቢ ውስጥ ፕላስቲክ ሪሳይክል እንዲሆን ያደረገች እሷ ብቻ ናት፣ እሷንም ቀጣችኋት!

ህጉን እርስዎ ያውቁታል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ነው፣ በ2017 ደግሞ ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ ፀድቋል፣ የግቢያችን ሱቆች ግን ዳቦውንም ሳሙናውንም ዛሬም በፌስታል ነው የሚሰጡን።

ኮምፖስቱንማ ባላነሳው ይሻለኛል። ፕላንት ሳይንስ ነው የምማረው፣ ክላስ ውስጥ ለኮምፖስት ካርቦን (ከደረቅ ቅጠል) ለናይትሮጅን (ከምግብ ትራፊ) 30 ለ1 እያልን እንሸመድዳለን፣ ውጪ ደረቁ ቅጠል ይቃጠላል የካፌው ትራፊ ይሸታል፣ ሁለቱን ደባልቆ እርጥበቱን እየጠበቁ ማገላበጥ ነው እኮ፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። ለኮምፖስት የተቆፈረው ጉድጓድ ዛሬ የተሰበረ ወንበር ማጠራቀሚያ ሆኗል።

ማስጠንቀቂያው ከሴትየዋ ፋይል ይነሳላት፣ የተቆረጠባት ብርም ይመለስላት። መልሱን በፅሁፍ ይስጡን፣ "በሂደት ላይ ነው" የሚለውን ሰምተናል።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፣ ሐዋሳ

ግልባጭ፦
ለጥበቃ ክፍል
ለትራክተሩ ሹፌር