ላብራቶሪው እስኪሠራ ዩሪያው አለ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ትምህርት ቤቶች የላብራቶሪ ችግር ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ዕቃ የለም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ኬሚስትሪ ሳስተምር የታዘብኩትን ልጨምር። ተማሪው ቤት የዩሪያ ማዳበሪያ ጆንያ አለ። ክፍል ውስጥ ግን የሚሸመደደው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 ዩሪያን ሠራ።" ፈተና ላይ ይመጣል፣ ልጁ ያጠቁራል፣ በቃ።

ታሪኩ እኮ እንዴት ይጣፍጣል! ጀርመናዊው ኬሚስት ቮለር በርሊን ውስጥ የሙያ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ሊሠራ የፈለገው አሞኒየም ሳያኔት የሚባለውን የሳያኒክ አሲድ ጨው ነው። ያገኘው ነጭ ክሪስታል ግን ከሽንት የሚወጣው ዩሪያ ሆኖ ቁጭ አለ። ለመምህሩ ለበርዜሊየስ "የሰውም የውሻም ኩላሊት ሳያስፈልገኝ ዩሪያ መሥራት እችላለሁ" ብሎ ጻፈለት። አሞኒየም ሳያኔቱም ዩሪያውም አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ናይትሮጅንና አራት ሃይድሮጅን ናቸው፤ የሚለየው አቀማመጡ ነው። ከዚያ በፊት ከሌላው ጀርመናዊ ኬሚስት ከሊቢግ ጋር ያከራከረውም ይኸው ጣጣ ነበር። የቮለር የብር ሳያኔት ጭምት፣ የሊቢግ የብር ፉልሚኔት ደግሞ የሚፈነዳ፤ ሲመረመሩ ቅንብራቸው አንድ! ኋላ የልብ ወዳጆች ሆኑ።

ይህን መንገድ ወደኋላ መሄድ ይቻላል። ጥቂት የዩሪያ ፍሬ ቴስት ቲዩብ ውስጥ አድርጎ ቀስ አድርጎ ማሞቅ ነው። 133 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያ ይንተከተካል። እርጥብ ቀይ ሊትመስ (አሲድና ቤዝ የሚለየው ወረቀት) የቲዩቡ አፍ ላይ ሲያዝ ሰማያዊ ይሆናል። አሞኒያው ነው። የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው ሳይቀር "ቲቸር፣ የበግ በረት ሸተተ!" ይላል። አሞኒያው ሲለየው አይሶሳያኒክ አሲድ ይፈጠራል፤ የሳያኒክ አሲድ የቅርብ ዘመድ ነው። ብቻውን አይቆይም፤ ካልተነካው ዩሪያ ጋር ተያይዞ ባይዩሬት የሚባል ውሁድ ይሆናል።

ቅላጩ ነጭ ሆኖ መድረቅ ሲጀምር እሳቱ ይነሳ። ሲቀዘቅዝ በለብታ ውሃ ማሟሟት፣ ትንሽ በውሃ የሟሟ ኮስቲክ ሶዳ መጨመር፣ ከዚያ ኮፐር ሰልፌት አንድ ሁለት ጠብታ። ወይን ጠጅ ቀለም ይወጣል። ጠብታው ከበዛ ሰማያዊው ይውጠዋል፣ እጅ ይያዝ! የባዮሎጂ መምህሩ በእንቁላል ነጭ የሚያሳየው የፕሮቲን ምርመራ፣ የባይዩሬት ምርመራ የሚባለው፣ ይኸው ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ ግን ለልጆቹ ማንም ነግሯቸው አያውቅም።

"ሳያናይድ ልታጨሱብን ነው ወይ?" የሚል ወላጅ አይጠፋም። ሳያኔትና ገዳዩ መርዝ ሳያናይድ የተለያዩ ናቸው። ቢሆንም የሚወጣው ጋዝ ዓይንና ሳንባ ይቆጠቁጣል፤ ስለዚህ መምህሩ ራሱ፣ በትንሽ መጠን፣ ደጅ ላይ ይሥራው። ኮስቲክ ሶዳውን ተማሪ አይንካ።

አሠራሩን በትምህርት ዓምዳችሁ ብታወጡት ደስ ይለኛል። ኮፐር ሰልፌት የሌለው ትምህርት ቤት እስከ ሊትመሱ ድረስ ያለውን ይሥራ።

ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር፣
ከቢቸና