ይድረስ ለአብሮ አደጌ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳቅክ አይደል? የግቢያችን እትዬ፣ ቤሩት ላለች ልጃቸው ደብዳቤ ሲያጽፉን ሁሌ በዚች ነበር የምናስጀምራቸው። ሶስት አመት ሙሉ ድምጼን አጥፍቼ ዛሬ በዚህ መግባቴ ያሳፍራል ግን ሌላ መግቢያ ፈልጌ አጣሁ፣ ቴሌግራም ላይ "እንዴት ነህ ባክህ" ብዬ ጽፌ ስንቴ እንዳጠፋሁት አትጠይቀኝ። ደብዳቤ የሚሻለው ደግሞ መሃል ላይ ስለማታቋርጠኝ ነው፣ ልማድህን አውቃለሁና።

ወሬውን ቶሎ ቶሎ ልበልልህ። ሰፈሩ እንዳለ ነው። ውኃ በሳምንት ከመጣች እልልታ ነው፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ትዘላለች። የኔ ስራ ሞቷል ማለት ይቀላል፣ መጀመሪያ ኮሮና፣ ከዛ ጦርነቱ፣ ከዛ የመንገዱ ነገር፣ ፈረንጅ ማየት ብርቅ ሆኖ የአስጎብኚነት ባጄ ሚስማር ላይ አቧራ ጠጣ፣ አልፎ አልፎ ተማሪዎች ሲመጡ ነው ፋሲል ግቢ የምገባው። እና አግብቻለሁ። እንደ ተራ ወሬ መሃል ላይ የሸጎጥኩት ሆን ብዬ ነው፣ ሚዜዬ አንተ እንደምትሆን ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የተማማልነው ነገር ስለሆነ ለብቻው አውጥቼ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ልጅም አለችኝ፣ ሴት፣ በዚህ በታህሳስ ሁለት አመት ይሞላታል።

ለምን እንደጠፋሁ አንተም ታውቃለህ እኔም አውቃለሁ። ያኔ ለታቦቱ ምንጣፍ ብለህ 4,000 ብር ልከህ ስትደውልልኝ "ብር መላክማ ቀላል ነው፣ አገልግሎት ትከሻ ነው የሚፈልገው" ያልኩህ ቀን ነው። ዝም አልክ፣ ከዛ "እሺ በል፣ ቻው" ብለህ ዘጋህ። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ ለሰንበት ተማሪዎቹ ምን እንዳልኩህ እንደ ስብከት አወራሁላቸው፣ አጨበጨቡልኝ። ከዛ በኋላ ልደውል ባልኩ ቁጥር ያ ጭብጨባ ይመጣብኛል።

ትከሻ ያልኩት ያንን የኛን ትከሻ ነበር። ታስታውሳለህ መቼስ፣ አዲስ አበባ ልጆቹ ለታቦት ቀይ ምንጣፍ ማንጠፍ ጀመሩ ሲባል እኛም እናደርጋለን ብለን ከየቤቱ አምስት አምስት ብር ስንለቅም፣ የመጀመሪያው ምንጣፍ ሁለት ጥቅል ብቻ ስለነበረ ታቦቱ ያለፈበትን ከኋላ ጠቅልለን ተሸክመን፣ ከካህናቱ ጎን በሕዝቡ መሃል እየተሹለከለክን፣ ፊት ደርሰን ዘርግተን፣ እንደገና ወደ ኋላ። ከደብራችን እስከ ጥምቀተ ባሕሩ እንዲህ ስንሮጥ ውለን ማታ ሸሚዛችን ትከሻችን ላይ ተጣብቆ በውኃ አርሰን ነበር የምናላቅቀው። ያቺን ቁስል ደግሞ እናሳያት ነበር እኮ፣ እንደ ሜዳሊያ። መነቃቃት ማለት ያ ነበር ለኛ፣ ጫት ቤት ይውል የነበረው ሁሉ መጥረጊያ ይዞ መንገድ ሲጠርግ ያየንበት ጊዜ። አሁንም ያንን ጊዜ አላራክሰውም፣ ብዙ ልጅ አትርፏል።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም አውርቼው አላውቅም። የ2012ቱ ጥምቀት፣ ጥር 11፣ ባሕሩ ዳር የቆመው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ሰው ያለቀበት ጠዋት። ጩኸቱ ሲነሳ አንተ የያዝከውን ጥለህ ሮጥክ፣ ከእንጨቱ ስር ሰው ስታወጣ ቆይተህ ነጠላህ ደም ሆኖ ነው የተመለስከው። እኔ የት ነበርኩ? ምንጣፉ ጋ። ማን ይጠብቀዋል ብዬ። በዛች ሰዓት ምንጣፍ የሚሰርቅ ሰው ያለ ይመስል። አንተ አንድም ቀን አላነሳህብኝም፣ እኔ ግን ትከሻ ምናምን እያልኩ ስሰብክህ ይቺን እያወቅኩ ነው።

አንተ ከሄድክ በኋላ ስራውም ሲጠፋ ያለኝን ጊዜ ሁሉ ቤተክርስቲያን ላይ አፈሰስኩት። ረቡዕና አርብ መዝሙር ጥናት፣ ቅዳሜ ሌሊት ማህሌት፣ እሁድ ጉባኤ፣ በወር አንዴ ደግሞ ጧፍና እጣን ዘቢብም ሰብስበን ለገጠር አብያተ ክርስቲያናት ይዘን መሄድ። አንድ መምህር መጥተው ዳዊት በኦርና አውድማ ያለውን አስተማሩን፣ ያለ ዋጋ የሆነ መስዋዕት ለእግዚአብሔር አላቀርብም ብሎ አውድማውንና በሬዎቹን በ50 ሰቅል ብር መግዛቱን። ያቺ ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባች። የግሩፓችን ፎቶ ላይ ሁሉ ለጠፍናት። ዋጋ መክፈል፣ ዋጋ መክፈል፣ አፋችን ላይ ሌላ ነገር የለም።

ልጄ የተወለደችው በዚህ መሃል ነው፣ ታህሳስ፣ ጥምቀት ሊደርስ የጥናቱ ሰአት በእጥፍ የጨመረበት ሰሞን። የሚስቴ እናት ከገጠር እንዳይመጡ መንገድ ተዘግቷል። በተወለደች በአስራ ሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከጥናት ስመለስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ መብራት የለም፣ በሩን ስከፍት አልጋው ጫፍ ላይ ልጅቷን ታቅፋ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ምን ሆንሽ ስላት ምንም። ቆየት ብላ "ዛሬ ምን ዘመራችሁ?" አለችኝ።

ነገርኳት። ደግሞ እኮ ዜማውን ጀመርኩላት፣ እስቲ አስበው።

ከዛ የስልኬን ላይት ሳበራ በሩ ስር ቢጫዋን ጀሪካን አየኋት፣ ባለ ሀያ ሊትሯን፣ እስከ አፏ ሞልታ። ቦኖው ማታ ተለቆ ኖሯል። የምትረዳን ጎረቤት ለቅሶ ሄዳለች፣ ልጄን ለጎረቤት የስምንት አመት ልጅ አሳቅፋ፣ ያንን ዳገት፣ የአስራ ሁለት ቀን አራስ። መዳፏን ገልብጬ ሳየው የጀሪካኑ እጀታ ጣቶቿ ስር መስመር ሰርቷል፣ ቀይ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ እኔም መልስ አዘጋጅቼ ስለነበር፣ የእግዚአብሔር ስራ ነው ምናምን የምትል።

በሳምንቱ ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ስግደት ነው የጠበቅኩት፣ መቶም ሁለት መቶም ቢሉኝ እንደውም ደስ ይለኝ ነበር፣ ስግደት እችልበታለሁ። አባ አዳምጠው ሲጨርሱ "ማርቆስ ሰባትን ታውቀዋለህ?" አሉኝ። አባትና እናቱን የሚጦርበትን ገንዘብ ቁርባን ነው እያለ ከቤቱ ስለሚያጎድለው ሰው ጌታ የተናገረውን። "ዳዊት አውድማውን የገዛው በራሱ ብር ነው፣ አንተ የዘመርከውን ግን ማን ነው የከፈለው?" አሉኝ። ዝም። ከዛ ቀኖናዬን ሰጡኝ። ልጅቷ ክርስትና እስክትነሳ ሰማንያ ቀን፣ ቅዳሴህን አስቀድስ፣ ከዛ ውጪ ጥናት የለም፣ ማህሌት የለም፣ ምንጣፍም የለም። ውኃ ትቀዳለህ፣ አጥሚት ታፈላለህ፣ ሽንት ጨርቅ ታጥባለህ። "ጥምቀትስ አባ?" አልኳቸው። "ጥምቀትም" አሉኝ፣ መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቱኝ።

አጥሚት አላፈላህም መሰለኝ አንተ። እሳቱን ሳትቀንስ ዞር ካልክ ይገነፍላል፣ ካላማሰልከው ይጓጉላል፣ የመጀመሪያው ሳምንት የጠጣችው ሁሉ እብጥ እብጥ ያለ ነበር ምስኪን።

ከተራ ዕለት ቦኖው ተለቀቀ። ወረፋ የሚባል ነገር የለም፣ አገሩ ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ወጥቷል፣ በሕይወቴ እንደዛ ቀን ቶሎ ቀድቼ አላውቅም። ሁለት ጀሪካን ይዤ ዋናው መንገድ ስደርስ ታቦታችን ሲመጣ ተገጣጠምን። አስቀምጬ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ። ልጆቹ ምንጣፉን ተሸክመው አጠገቤ እየሮጡ አለፉ፣ አንዱ አየኝና ጀሪካኖቹን አይቶ ፊቱን አዞረ፣ እፍረቱ ለኔ ይሁን ለሱ አላወቅኩም። ያንተ 4,000 ብር የተገዛበት ጥቅል ነበር ደግሞ፣ ጫፉ ላይ ባለው ጥቁር ስፌት ነው የለየሁት። አለቀስኩ ልልህ ነበር ግን አላለቀስኩም፣ ጣቴ ነው የቆጠቆጠኝ።

ከጥምቀት በኋላ የተማሪ ጉብኝት መጥቶ ግቢው ውስጥ ያቺን ሺህ ጊዜ ያወራኋትን የሱስንዮስን ታሪክ ስነግራቸው ምላሴ ተያዘ። ታውቃታለህ፣ ንጉሡ ካቶሊክ ሆኖ አገሩንም በግድ ሁን ሲል፣ በ1624 ወይና ደጋ ላይ ከላስታ ገበሬዎች ጋር ተዋግቶ ሲያሸንፍ፣ 8,000 ሰው ወደቀ ይባላል፣ ልጁ ፋሲል ሬሳውን አሳይቶ እነዚህ እስላምም አረመኔም አይደሉም የገዛ ሕዝብህ ክርስቲያኖች ናቸው አለው የሚባለው። ከዛ ነው ሃይማኖቱ ይመለስ ብሎ ዙፋኑን ለልጁ የተወው። ድሮ ይሄን ሳወራ የምጨርሰው በፋሲልና በግንቡ ነበር። ያን ቀን ግን ንጉሡ አምኖበት ነው ያደረገው፣ ሂሳቡን የላስታ ገበሬ ነው የከፈለው ብዬ ቆምኩ፣ ተማሪዎቹ ቀጥል እንጂ ብለው ያዩኛል።

መስዋዕትነት አያስፈልግም እያልኩህ አይደለም፣ እንዳይመስልህ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ጣሊያን ፊት ሲቆሙ ጥይቱን በራሳቸው ደረት ነው የተቀበሉት፣ በሰው ደረት አይደለም። እዚህም በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ የሚራበው በራሱ ሆድ ነው። እኔ የምለው የራሴን ነው።

አሁን ተመልሻለሁ፣ እሁድ እሁድና በወር አንድ ማህሌት። አንዳንዶቹ "ቀዘቀዘ" ይሉኛል፣ አንዷ ልጅ ፊት ለፊት የቀድሞ ፍቅርህ የት ሄደ አለችኝ። ምናልባት እውነቷን ነው፣ የቅዳሜ ሌሊት ከበሮ ከሩቅ ሲሰማኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ሰነፍኩ ወይስ ታዘዝኩ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ፣ መልሱ እንደ ቀኑ ይለያያል።

እና ወደ አንተ ልመለስ። ያኔ ስትደውልልኝ ሌሊት ጥበቃ ላይ ሆነህ እንደሆነ ያወቅኩት ዘንድሮ ነው፣ እህትህን መንገድ ላይ አግኝቻት። አባታችሁ ካረፉ በኋላ ሁለቱንም ያስተማርካቸው አንተ ነህ አለችኝ፣ ቀን መጋዘን ሌሊት ጥበቃ እየሰራህ። አንድም ቀን አላልከኝም። ከዛች ደመወዝ ላይ ነው 4,000 ቆርሰህ የላክኸው፣ እኔ ነኝ ደግሞ ስለ ትከሻ የማስተምርህ። ይቅር በለኝ ወንድሜ። ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ፣ ያኔ ያጨበጨቡት ፊት ቆሜ፣ በዚህኛው ማንም አላጨበጨበም።

ምንጣፉ አሁንም አለ፣ ጫፉ ተበልቶ ሁለት ቦታ ጥፈንበታል፣ ያቺን ጥቁር ስፌት ግን አልነካናትም። ሚስቴ ይሄን ስጽፍ አይታ ለጥምቀት ይምጣ በለው ትላለች፣ ዶሮውን እሷ ትሰራለች፣ አጥሚት ከፈለግክ እኔ አለሁ። ልጅቷ ደግሞ ሰው ባየች ቁጥር ጫማውን ትደብቃለች፣ ሁለት ጥንድ ይዘህ ና። ከከተራ ቀደም ብለህ ድረስ፣ ቦኖው ያን ሰሞን ከተለቀቀ ሁለት ጀሪካን ያንተ ነው።

ወንድምህ፣ ከጎንደር
ኅዳር 22