ኪናባሉን ለምትወጪው ልጄ

ይድረስ ለልጄ፤ ሰላምሽ ይብዛ። ከኳላላምፑር ወደ ቦርኒዮ ደሴት ተሻግረሽ የኪናባሉን ተራራ ለመውጣት ካሰብሽ፣ ጓዝሽን ከመሸከፍሽ በፊት ይህን አንብቢው።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ላይ ስላደግሽ ከፍታ አይነካኝም ትዪ ይሆናል። አትታለይ። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው እዚያው እስከኖረ ድረስ ነው፤ ቆላ ወርዶ ጥቂት ሳምንታት ከተቀመጠ ልማዱ ይለቀዋል። ስሜን ላይ ራስ ደጀንን የሚወጣ ሰው ሳንቃበርና ግጭ እያደረ፣ ቀስ እያለ ነው የሚደርሰው። ኪናባሉ ይህን ፋታ አይሰጥም፦ ጠዋት ከቲምፖሆን በር፣ ከ1,866 ሜትር ትነሺያለሽ፤ ማታ ላባን ራታ 3,272 ሜትር ላይ ታድሪያለሽ፤ ሲነጋ 4,095 ሜትር ላይ ነሽ። ብዙውን ሰው የሚጥለው ገደሉ ሳይሆን ይህ ጥድፊያ ነው።

ስለዚህ የዋዜማውን ሌሊት ባሕሩ ዳር ኮታ ኪናባሉ ከተማ አትደሪ። ተራራው ያለበት ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ማደሪያ አለ። የከፍታ ሕመምን የሚከላከለውን ዳያሞክስ የተባለ መድኃኒት ሐኪም ከፈቀደልሽ፣ ከመውጣትሽ አንድ ቀን አስቀድመሽ 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ትጀምሪያለሽ። ሽንት ያበዛል፣ ጣትም ያደነዝዛል፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለብሽ ግን ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪ። ላባን ራታ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብረው ከመጡብሽ ከዚያ ወዲያ አትውጪ። ቁጭ ብለሽም ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ለአስጎብኚው ነግረሽ ውረጂ።

ያለ አስጎብኚ መውጣት ክልክል ነው፤ የመውጫ ፈቃዱም ላባን ራታ ካለው አልጋ ጋር ስለሚያያዝ ወራት ቀድመሽ ያዢ። አብዛኞቹ አስጎብኚዎች የካዳዛን ዱሱን ተወላጆች ናቸው። ተራራው ለእነሱ የሙታን ነፍስ ማረፊያ ስለሆነ ጩኸትና ቀልድ አያስደስታቸውም። ሰኔ 5 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. መጠኑ 6.0 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ 18 ሰው ሲገድል፣ ከሟቾቹ መካከል አስጎብኚዎችም ነበሩ። አስጎብኚሽ «እንመለስ» ካለሽ አትከራከሪ።

እስከ ላባን ራታ 6 ኪሎ ሜትር ነው፤ አጭር ይመስላል፣ ግን ከዳር እስከ ዳር ደረጃ ነው። ላያንግ ላያንግ ከሚባለው መጠለያ በላይ አፈሩ ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል፣ ዛፉም ይቀጭጫል። አፈሩ ማግኒዚየምና ኒኬል የበዛበት፣ ለተክል የሚሆን ምግብ ያነሰበት ነው። ነፍሳትን አጥምደው የሚበሉት፣ የእንስራ ቅርጽ ያላቸው ተክሎች እዚያ የሚመቻቸውም ለዚህ ነው፤ ግራና ቀኝ ቁጥቋጦው ሥር ፈልጊያቸው፣ ነገር ግን አትንኪያቸው።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀርምና ሙሉ ቅያሪ ልብስ ላስቲክ ውስጥ ቋጥሪ። የግንባር ባትሪ፣ ሁለት ሊትር ውሃና ጓንት ያዢ። የሱፍ ጓንት ግን ውሃ ከጠጣ በኋላ ላይኛው ድንጋይ ላይ የምትይዪው ገመድ ላይ ያንሸራትታል፤ መዳፉ ላስቲክ የሆነውን ግዢ። በሶና ቆሎ ካለሽ ከቸኮሌት ይሻላል። ጫማን በተመለከተ፣ አገሬው «አዲዳስ ካምፑንግ» የሚለው ርካሽ ጥቁር የላስቲክ ጫማ እርጥብ ድንጋይ ላይ ከብዙ ውድ ቡትስ በላይ ይይዛል። አስጎብኚዎቹም የሚያደርጉት እሱን ነው።

ጉዞው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይጀመራል። ሳያት ሳያት ኬላ ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት ካልደረስሽ ይመልሱሻል። ከዚያ በላይ ራቁቱን የወጣ ግራናይት ነው፤ ነጩ ገመድ በጭጋግ ውስጥም መንገድሽ ነውና አትራቂው። ድንጋዩ ላይ ምርኩዝሽን እጠፊና እጅሽን ለገመዱ ነጻ አድርጊ። ጫፉ ላይ ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ፎቶ አንስተሽ ቶሎ ውረጂ።

የሚያመው መውረዱ ነው፤ በአንድ ቀን ከ2,200 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ። የእግር ጥፍርሽን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጪ፣ ጫማሽን ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ፣ ምርኩዝሽን ስትወጪ ከነበረው ትንሽ አስረዝሚ፣ እርምጃሽንም አሳጥሪ። ደረጃውን እየዘለሉ የሚወርዱትን አትከተያቸው፤ ጉልበታቸው ታች ሳይደርስ ይከዳቸዋል። በማግስቱ በዚያው ፓርክ ሥር ባለው የፖሪንግ ፍል ውሃ ሰውነትሽን አፍታቺ፤ ከጽሕፈት ቤቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬትሽን ለዚያው ቀን አትቁረጪ።