«ጠመኔ አምጣ» እያልሽ የምትልኪው ልጅ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በስተቀር የጎደለብኝ የለም። እዚህ ጃፓን፣ ኦሳካ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ጅማ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ስለሆነ ይሄኔ ቡናሽን እየቆላሽ ይሆናል።

ባለፈው በስልክ «ትምህርት ቤታቸው እንዴት ነው?» ብለሽ ሳልመልስልሽ መስመሩ ተቋረጠ። ዕድሜሽን ሙሉ ያስተማርሽ ሰው ነሽና በሁለት ቃል ልመልስልሽ አልፈለግሁም። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ሰኔ እዚህም የዝናብ ወር ነው። ትናንት የሄድንበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገና በሩን ስትገቢ የጫማ መደርደሪያ አለ። ልጆቹ የውጪ ጫማቸውን አውልቀው እዚያ ያስቀምጡና የክፍል ጫማ ያደርጋሉ። ለእኛ ለእንግዶቹም ነጠላ ጫማ ሰጡን። የጅማ ጭቃ ትዝ አለኝ። ክፍልሽ በር ላይ ያስቀመጥሻት ድንጋይም። ጫማውን እሷ ላይ ሳይጠርግ የሚገባ አልነበረም፣ እኔ ልጅሽም ብሆን።

ክፍሉን የሚያጸዱትም ልጆቹ ናቸው። በየቀኑ 15 ወይም 20 ደቂቃ ለጽዳት ተመድቧል። ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ጋር ሆነው ይጠርጋሉ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ወለሉን ይወለውላሉ። መምህሯም አብራ ተንበርክካ ትወለውል ነበር። አንድ ወላጅ ግቢ ድረስ መጥተው «ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው እንጂ መጥረጊያ እንዲይዝ አይደለም» ብለው የጮኹብሽ ቀን ትዝ ይልሻል? እኔ ያን ቀን በልቤ ከሳቸው ጋር ነበርኩ። ይቅር በይኝ እማዬ።

ዋናው ግን ምሳው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስለሱ ሳስብ አደርኩ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተረኞቹ ልጆች ነጭ ሽርጥና ቆብ አድርገው ምግቡን ራሳቸው ወደ ክፍል ያመጡታል። ሩዝ፣ ዓሣ፣ ሾርባና ወተት ነበር። ለጓደኞቻቸው እየጨለፉ ያድላሉ። ለሁሉም ሳይደርስ ማንም አይጀምርም። ከዚያ እጃቸውን አጋጥመው ባንድ ድምፅ ያመሰግናሉ። መምህሯም እዚያው ከነሱ ጋር ተቀምጣ ያንኑ ምግብ ትበላለች። ደግሞ ምግቡ ለልጆቹ ከመቅረቡ በፊት ርዕሰ መምህሩ ወይም የተመደበ ሰው ቀድሞ ይበላዋል። እንከን ካለው ልጆቹ ሳይነኩት እንዲታወቅ ነው። ይሄን ሲነግሩን አንጀቴን በላኝ።

ቅር ያለኝ ነገርም አለ። ሁሉም በየራሱ ሰሃን ነው፣ ጉርሻ የለም። አንድ ትሪ ከበው ሲበሉ ያለውን ፍቅር በምንም አልለውጠውም።

አጀማመሩን ስሰማ ደግሞ አንቺን አሰብኩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁበት ዓመት መሆኑ ነው፣ ጹሩኦካ በምትባል ከተማ አንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ትምህርት ቤት ነበር። ምሳ መቋጠር ለማይችሉ የድሃ ልጆች መነኮሳቱ ሩዝና ዓሣ መስጠት ጀመሩ። በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ደግሞ የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ወጣ። አሁን የሀብታሙም የድሃውም ልጅ የሚበላው አንድ ነው። ቤቱ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ከምሳው አይታወቅበትም።

ይሄኔ ነው ያ ልጅ የመጣብኝ። ሦስተኛ ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ይቀመጥ የነበረው። ረፋዱ ላይ ራሱን ዴስኩ ላይ ሲያስደግፍ አይተሽ «ሂድና ከመምህራን ክፍል ጠመኔ አምጣ» ትይዋለሽ። ጠመኔው እኮ ጠረጴዛሽ ላይ አለ! እሱ ሄዶ ይቆይና አፉን እየጠረገ ይመለሳል። እኔ «ለምን ሁልጊዜ እሱን ብቻ ትልከዋለች?» ብዬ እቀና ነበር። አንቺ ደግሞ ማታ ማታ ባዶ ሳህን ይዘሽ ትመጪና ምጣድ ሳትጥጂ መጀመሪያ ቆሎ ትፈልጊያለሽ። ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ሰማንያ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ የተራበውን ለይተሽ ታውቂው ነበር። እነሱ አንደኛ ደረጃ ላይ አንድ ክፍል ከ35 ልጅ እንዳይበልጥ ደንግገዋል።

ትናንት መምህሯ በአስተርጓሚ «በናንተ አገርስ ምሳ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ጠመኔው ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ሁለት ጊዜ አጎንብሳ እጅ ነሳች። ለኔ ሳይሆን ላንቺ ነው ያለችኝ።

በሐምሌ መጀመሪያ እመለሳለሁ። እስከዚያ ዝናብ ላይ ብቻሽን ወደ መርካቶ አትውረጂ፣ ከጎረቤት ልጆች አንዱን ላኪ። ደግሞ የዚያ ልጅ ስሙ ማን ነበር? ትናንት ማታ ላስታውሰው ብዬ አቃተኝ። የት እንደደረሰ የሰማሽው ነገር ካለ ስደውል ንገሪኝ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ