ቧንቧው ጋ ይሰማል? የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ሚኒ ሚዲያ ክበባችን ዘንድሮ 26 አባላት ነበሩት፤ 9 ከ4ኛ፣ 10 ከ5ኛ፣ 7 ከ6ኛ ክፍል። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በፊት አጭር ማስታወቂያ፣ 4:00 እረፍት ላይ ደግሞ የ12 ደቂቃ ዝግጅት አቅርበዋል። ሰኞ ዜና፣ ማክሰኞ ጤናና ሳይንስ፣ ረቡዕ እንግሊዝኛ፣ ሐሙስ ተረትና እንቆቅልሽ፣ ዓርብ ጥያቄና መልስ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሥራው የተለካው ግን በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሜዳው ጥግ፣ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧው ጋ የቆመ የ1ኛ ክፍል ልጅ የተነገረውን መልሶ መናገር ይችላል? በየሳምንቱ አንድ አባል እዚያ ይሄድና ሦስት ልጆችን «አሁን ምን ተባለ?» ብሎ ይጠይቃል። መስከረም ላይ የብዙዎቹ መልስ «እየጮኸ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደው መንገድ አጠገብ ስለሆነ የታክሲው ጥሩምባና የረዳቶቹ ጥሪ ግቢው ድረስ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳብ ድምፁን መጨመር ነበር። ይህ አልሠራም። ድምፁን የሚያጎላው መሣሪያ፣ አምፕሊፋየሩ፣ ከአቅሙ በላይ ሲከፈት ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ይጮኻል እንጂ ቃሉ አይለይም። ዋናው ችግር የሁለቱ ሆርን (የጥሩምባ ቅርጽ ያላቸው) ስፒከሮች አቀማመጥ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ቢሮው ጣሪያ ላይ፣ ሌላው ከፊት ለፊቱ ባለው የመማሪያ ሕንፃ ላይ፣ በመካከላቸው 50 ሜትር ያህል ርቀት ነበር። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ አንዱ ስፒከር ሥር የቆመ ልጅ የሌላውን ድምፅ የሚሰማው 0.15 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አማርኛ ደህና አድርጎ የሚያነብ ሰው በሰከንድ አምስት ያህል ፊደል ይላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል በሚቀጥለው ላይ ይደረባል። «ነገ ፈተና አለ» የሚለው ቃል ቧንቧው ጋ ሲደርስ የጉርምርምታ ድምፅ ብቻ ይሆናል።

በጥቅምት ሁለቱም ስፒከሮች ወርደው ሜዳው ዳር ባለው የብረት ምሰሶ ላይ፣ 4 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ላይ ተሰቀሉ፤ አንዱ ወደ ሜዳው፣ ሌላው ወደ ቧንቧው በኩል። አፋቸው ትንሽ ወደ መሬት ያዘነበለ ነው። ድምፁ ወደ ልጆቹ ጆሮ እንዲወርድ ይረዳል፤ ከዚያም በላይ አፉ ወደ ሰማይ ያየ ሆርን ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል። ሽቦ ሲገጠም ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር መሆኑን ሁለት ሰው ማየት አለበት። ከተገለበጠ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ በሁለቱ መሐል የቆመ ሰው የሚሰማው የሳሳ ድምፅ ነው። ሦስተኛ ስፒከር ይጨመር የሚል ደግ ሐሳብ ከወላጆች ቀርቦ ነበር። ያልተቀበልነው በምክንያት ነው፤ የእኛዎቹ ስፒከሮች እያንዳንዳቸው 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ናቸው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ልክም 4 ነው። በሦስት ስፒከር 2.7 ኦም ላይ ይወርድና አምፕሊፋየሩ ግሎ ይቃጠላል።

የስፒከሩን ፉጨት ማስቀረት ቀላል ነበር። ማይክ የያዘው ልጅ ከስፒከሩ ፊት ሲቆም የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ጎልቶ ይወጣል፣ ያፏጫል። አንባቢው ከምሰሶው ኋላ እንዲቆም ተደረገ። አሁንም የሚያስቸግረው ልጆቹ ዘፋኞችን እያዩ የማይኩን ራስ በመዳፋቸው ማፈናቸው ነው። የእኛ ዓይነት ማይክ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀንሰው ከራሱ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ነው፤ እነሱ ሲታፈኑ ከየአቅጣጫው ይሰማና ወዲያው ያፏጫል። አያያዙ ከአንገቱ በታች፣ ከአፍ አራት ጣት ርቀት፣ ትንሽ ወደ ጉንጭ ዘወር አድርጎ ነው። ፊት ለፊት ከተያዘ «ፒያሳ» እና «ፖሊስ» ሲባል የ«ፐ» ትንፋሽ ማይኩን ይመታዋል። ኬብሉን ክርን ላይ አጥብቆ መጠቅለልም ይቅር፤ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ የተበጠሰው ጫፉ ላይ ያለው መሰኪያ፣ ጃኩ፣ አንገት ላይ ነው።

ድምፁ ከጠራ በኋላ የንባቡ ችግር ወጣ፤ የክበቡ ትልቁ ሥራም ይህ ሆነ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። በዓይን የሚያነብ ሰው ከዐውዱ ይረዳዋል፤ በጆሮ ብቻ የሚሰማ ልጅ ግን አንባቢው ያጠበቀውን ነው የሚይዘው። ታኅሣሥ ላይ «የገና ዕረፍት ገና አልተጀመረም» የሚል ማስታወቂያ ነበር፤ የመጀመሪያው «ገና» ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል። አንባቢዋ ሁለቱንም አጥብቃ አነበበችና ልጆቹ ግራ ተጋቡ። «ሰፊ» ሲጠብቅ ሜዳውን፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋውን ሰው ነው። «ዋና ውድድር» ሲጠብቅ ትልቁ ውድድር፣ ሲላላ ውሃ ውስጥ የሚደረገው። ስለዚህ ከጥር ጀምሮ ማንኛውም ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት ጮክ ተብሎ ይሞከራል፤ አሻሚ ቃል ሲገኝም በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ነጥብ ይደረጋል። የሰው ስም ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ይጠየቃል።

ጽሑፉ በወረቀቱ አንድ ጎን ብቻ፣ በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገርም፤ ወረቀት ሲገለበጥ ማይኩ ያንኮሻኩሻል፣ አንባቢውም ትንፋሹ ይቆረጣል። ቁጥር በቃል ይጻፋል። ልጆቹ ፈጥነው የሚያነቡት ስለሚፈሩ ነው፤ «ቀስ በል» ማለት ብዙም አይረዳም። የረዳው «።» ላይ በልብ ሁለት መቁጠር፣ «፣» ላይ አንድ መቁጠር ነው።

የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያ ከሁሉም በላይ ይደመጣል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ሐሙስ «እንቆቅልሽ» ሲባል ሜዳው በሙሉ «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይመልሳል፤ ቧንቧው ጋ ያሉትም ጭምር። ያረፈደ ወይም የተቀጣ ልጅ ስም በስፒከር አይጠራም። አንዳንድ ጊዜ እንዲጠራ ይጠየቃል፤ የክበቡ መልስ ግን አይለወጥም። የልጅን ጥፋት ለመላው ግቢ ማሰማት የሚኒ ሚዲያ ሥራ አይደለም።

129ኛው የዓድዋ ድል በዓል እሑድ ስለዋለ ዝግጅቱ ዓርብ የካቲት 21 ቀረበ። የምኒልክ ሐውልትም የዓድዋ ድል መታሰቢያም ከግቢያችን በእግር የሚደረስባቸው ስለሆኑ ልጆቹ ስለ ሁለቱም ጻፉ። የተሻለው ጽሑፍ ግን ስለ ነጋሪት ነበር፤ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጁ ማይክ በሌለበት ዘመን እንዴት ለሕዝብ እንደተነገረ፣ ነጋሪቱ መጀመሪያ ሕዝቡን ሰብስቦና ጸጥ አሰኝቶ አዋጁ ከዚያ በኋላ እንደሚነበብ። ከዚያ ወዲህ ዝግጅታችን የሚጀምረው በሦስት የከበሮ ምትና በአጭር ዝምታ ነው። ከበሮው ከማይኩ ቢያንስ አንድ ሜትር ይርቃል፤ ከቀረበ ድምፁ ይሰነጠቃል።

መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩ በ12 ቮልት ባትሪም ይሠራል። ያለፈው ዓመት ባትሪ ባዶውን ክረምቱን ከርሞ ሞቶ ነበር የተገኘው፤ እርሳስ ያለበት ባትሪ ሳይሞላ ከተቀመጠ ውስጡ ይበላሻል።

የ6ኛ ክፍል አባላት ለከተማ አቀፉ ፈተና ለመዘጋጀት ከግንቦት ጀምሮ ከሥራ ተራቸው ወጥተዋል፤ ከመውጣታቸው በፊት እያንዳንዳቸው አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ኬብል ማገናኘትና ጽሑፍ ማረም አስተምረዋል። በሰኔ የመጨረሻው ሳምንት ቧንቧው ጋ ከተጠየቁት ሦስት ልጆች ሦስቱም ማስታወቂያውን በትክክል መለሱ፤ አንዷ የጠፋውን የውሃ ኮዳ ቀለም ጭምር።

የአዲስ አባላት ምዝገባ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው። ተመዝጋቢው ያላየውን ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ያነባል፤ የሚመረጠው ድምፁ ያማረው ሳይሆን ነጥቡ ላይ የሚቆመው ነው። ማይኮቹና አምፕሊፋየሩ በጨርቅ ተሸፍነው መዝገብ ቤት ይከርማሉ። ባትሪው ተሞልቷል፤ ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንደገና መሞላት አለበት፤ ቁልፉ ጥበቃ ክፍል ነው።