ቀለም የሌለው ሥዕል ያላለቀ ሥራ አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳዎች ደማቅ ቀለማት ዓይናችን ለተገራ የጣና ዳር ሰዎች፣ በጥቁር ቀለም ብቻ የተሣለ ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ) ያላለቀ ሥራ ሊመስለን ይችላል፤ እኔ ግን ይህን አስተያየት አጥብቄ እቃወማለሁ። ቀለም ሲቀር ስሜቱን የሚሸከሙት መስመሩ፣ የጥላው ክብደትና ሳይነካ የተተወው ነጭ ወረቀት ናቸው፤ በማለዳ ጭጋግ የምትቀዘፍ የደንገል ታንኳ በጥቂት የብሩሽ መስመሮች ተሥላ ያየ ሰው፣ ሐይቁን በራሱ ምናብ ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው የአርት ስፒገልማን የኮሚክ መጽሐፍ «ማውስ» የተሣለው በጥቁርና ነጭ ነው። በጥቁርና ነጭ ሲሆን የኅትመት ወጪውም ይቀንሳል፤ ይህ ለጀማሪ ሠዓሊ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ ለከተማችን ወጣት ሠዓሊያን በየሳምንቱ ግማሽ ገጽ እንዲፈቅድላቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር