«ለጊዜው» የምትለው ቃል፦ የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሲሰበሰብ የከረመው በአንድ ሰው ጉዳይ ነው፤ እርሳቸውም በ1923 የታወጀውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥታችንን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ለሐረር ልጆች ሩቅ ሰው አልነበሩም። በልጅነታቸው እዚሁ በራስ መኮንን ቤት አድገው ከአድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ተሻግረው መድፈኝነት ተማሩ፣ ኋላም የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ፣ በእርጅና ዘመናቸውም በሂርና ኖሩ። ይሁንና በመጀመሪያው ስብሰባ ስማቸውን ያወቁት ጥቂት አባላት የሚያስታውሷቸው «ፋቡላ» በተባለው ተውኔታቸው ብቻ ነበር። ወደ ሂርና ያሰብነው ጉዞ በመኪና እጦት ቀርቷል።

የዓመቱን ትልቅ ድርሻ የወሰደው ንባቡ ነው። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለን በአንድ ወገን የእኛን 55 አንቀጾች፣ በሌላው በጅሮንድ ለአርአያነት የወሰዱትን የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት 76 አንቀጾች አሰፈርን፤ ሁለቱም በ7 ምዕራፍ የተከፈሉ መሆናቸውን ያስተዋለው አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የ1923ቱ ሰነድ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ከመገደብ ይልቅ ማጽናቱን አባላቱ በቀላሉ ደረሱበት። እኔ አስተባባሪ መምህሩ ግን የዜጋ ቤት ያለ ሕግ እንዳይበረበር የሚከለክል ድንጋጌና ሁለት ምክር ቤቶች በአንድ ወረቀት ላይ መስፈራቸው፣ በልማድና በፈቃድ ይሠራ የነበረውን አገዛዝ በአንቀጽ እየጠቀሱ ለመሞገት መነሻ ሆኗል ባይ ነኝ፤ ክርክሩ እስከ ግንቦት አልበረደም።

ከሁሉ ያነጋገረን አንቀጽ 32 ነው። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ለጊዜው መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ እንዲመርጡ ይደነግጋል። ያ «ለጊዜው» የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ወጥቶ ለሕዝብ ምርጫ መንገድ እስኪከፍት ድረስ ቆየ።

ይህን እያስረዳሁ ሳለ ጸሐፊያችን የክበቡን መተዳደሪያ ደንብ ከፋይሉ አውጥታ ቆመችና ጮክ ብላ አነበበች፦ «የክበቡን ሊቀመንበር ለጊዜው አስተባባሪ መምህሩ ይሰይማል።» ደንቡን ከ6 ዓመት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ፤ እኔም ለመከራከር ሞከርኩ፣ አልተሳካልኝም። በሚቀጥለው ሐሙስ ቃሉ ከደንቡ ተሰረዘ፣ የጠመኔ ካርቶን የምርጫ ሣጥን ሆነ፣ እኔ የሰየምኩት ሊቀመንበርም በ4 ድምፅ ተሸነፈ።